ስመን ያስቀመጥነው ሕግ

ይድረስ ድሬዳዋ ላለው ለልጄ ለኃይለ ጊዮርጊስ፣ ከአባትህ ከአላምረው።

ባለፈው ሰኔ ሰባ አንድ ዓመቴን ደፈንሁ። በሬዎቼን ራሴ እጠምዳለሁ። የቤቴን ክዳን ራሴ እጠግናለሁ። እናትህ ካረፈች ወዲህ ሽሮየን ራሴ አማስላለሁ፤ ጎረቤት ቢስቅብኝም አልተውሁም። ዳገቱን ሳላርፍ ወጥቼ ቅዳሴ እቆማለሁ። ይህንንም ደብዳቤ ማንንም ሳልለምን በእጄ እጽፈዋለሁ፤ ፊደሉ ቢንጋደድብህ አንተም አንገትህን ጋደድ አድርገህ አንብበው። ይህን ሁሉ ከሰላምታ አስቀድሜ መናገሬ፣ «አባየ አርጅተዋልና ነገሩን ለእኔ ይተውት» ብለህ ስለጻፍህልኝ ነው። ማርጀቱን አርጅቻለሁ። ነገሩን ግን አልተውሁትም።

አሁን ሰላምታየ ይድረስህ። እንደምን ከርመሃል፣ ልጄ? እዚያ ቆላ አገር ሙቀቱ እንደምን ያደርጋችኋል? ንዳዱ አልነካችሁም ወይ? ምራቴን ሰብለ ወንጌልን ወገቧን ያማት የነበረው ተዋት ወይ? ልጅህ እንኳየሁ ትምህርት ቤት ገባች ብለኸኝ ነበር፤ ትጎብዛለች ወይ? ትንሹ ውዱ ደግሞ እግር አውጥቶ መሮጥ ጀመረ ወይ? የባቡሩ ጭስ ደረትህን እንዳይጎዳው ወተት ጠጣበት። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ዝናቡ ሸጋ ነው፣ ገብሱ ሸጋ ነው፣ ባቄላውም አብቧል። ደህና ነን ብየ ግን አልጽፍልህም፤ የእህትህ ባል አለነ ጎንደር ታስሯልና።

እህትህ ባንቺአየሁ በሐምሌ ያስጻፈችልህ ደብዳቤ እንባ ብቻ እንጂ ነገሩ አልነበረበትም። አንተም ነገሩን ሳታውቅ መከርኸኝ። ስለዚህ ከጫፉ ልንገርህ፤ ከዚያ በኋላ ደግመህ ምከረኝ።

አምና በጥር ከጎንደር አንድ የመንግሥት ሰው መጣና ለደብራችን መጽሐፍ ሰጥቶ ሄደ። አዲሱ ሕገ መንግሥት ነው፣ ጃንሆይ ለሕዝባቸው የሰጡት ነውና ለሕዝቡ አንብቡለት አለ። እኛ ምን አደረግን መሰለህ? ካህናቱ ጥላ ዘርግተው ተቀበሉት። ሴቶች እልል አሉ። ወንዱም ሴቱም ተራ በተራ ሳምነው፤ እኔም ስሜ ግንባሬን አስነክቻለሁ። ከዚያ ቄሰ ገበዙ አባ ወልደኢየሱስ በቀይ ሐር ጠቅልለው፣ ንዋየ ቅድሳቱ ባለበት እቃ ቤት ከብር ወንጌሉ ጎን አኖሩት። አንድ ቅጠል የገለጠ ሰው የለም። በሬ የጠፋበት ሰው የጠረጠረውን በእሱ ያስምል ጀመር። ምጥ የጠናባት ሴት ራስጌም አንድ ቀን አኑረውት ልጁ በደህና ተወለደ፤ ከዚያ ወዲያ የመጽሐፉ ክብር ይብሱን ጨመረ። ለሕዝቡ አንብቡለት የተባለው ነገር ግን ተረሳ።

ጭቃ ሹሙ ሰጠኝ ይህን አየና ነገሩን ወደ ራሱ አዞረው። አጥሩን የሚያጥርለት ሰው ሲፈልግ «በሕገ መንግሥቱ ታዟል» ይላል። ጤፉን የሚያርምለት ሲፈልግም ታዟል ነው። ስሞ ግንባሩን ያስነካውን መጽሐፍ ማን ደፍሮ ሐሰት ነው ይበል? ሁላችንም አጠርን፣ ሁላችንም አረምን። እኔም አርሜለታለሁ።

ዘንድሮ ደግሞ ሕዝብ እንደራሴውን ይመርጣል የሚል አዋጅ መጣ። ሰጠኝ ሰዉን ሰብስቦ እንዲህ አለ፤ «በዚህ ጭቃ እስከ መምረጫው ድረስ አትንገላቱ። አውራ ጣታችሁን በዚህ ወረቀት ላይ አሳርፉልኝና እኔ ስለ ሁላችሁ እመርጥላችኋለሁ። ሕገ መንግሥቱም የሚለው ይህንኑ ነው።» የሚመርጠውም የሚስቱን ወንድም መሆኑን ያላወቀ አልነበረም። ሰዉ እየተሰለፈ ጣቱን አሳረፈ። አለነ ተራው ሲደርስ እጁን ከጋቢው ሥር አላወጣም። «አያ ሰጠኝ፣ አባቴ እንኳ ሚስት ሲያጭልኝ ጠይቆኛል» አለው። ሰዉ ሳቀ። ሰጠኝን ያቃጠለው እንቢታው አይደለም፣ ሳቁ ነው።

የሐምሌ ሥላሴ ማግስት ነበር። ሰጠኝ ሰው ልኮ «ሹም አዋርደሃል» ብሎ አስያዘው፤ ግቢው ካለው የእህል ቤትም ዘጋበት። እኔ እንደ አባቶቼ ወግ ሽማግሌ ይዤ ሄድሁ። «ድንጋይ ተሸክሞ እግሬ ላይ ይውደቅ፣ ጣቱንም ያሳርፍ፣ እፈታዋለሁ። እንቢ ካለ ግን እስኪታዘዝ እሰረው ይላል ሕገ መንግሥቱ» አለን። ሽማግሎቹ አንገታቸውን ደፉ። ደግመን ሄድን፣ ያው ነው። ለሦስተኛ ጊዜ ከደጁ ስወጣ አንድ ነገር ልቤን ወጋኝ። ሰጠኝ ፊደል አልቆጠረም! መጽሐፉ እንዲህ ይላል የሚለን ሰው ሀንና ለን አይለይም። እሱ አላነበበም፣ እኛም አላነበብንም፣ ባልተነበበ መጽሐፍ ግን ሰው ይታሰራል።

በማግስቱ ቄሰ ገበዙ ዘንድ ሄጄ መጽሐፉን ያውጡልኝ አልኋቸው።

«አያ አላምረው፣ በፍልሰታ ሱባኤ የመንግሥት ነገር ምን ይሠራል?» አሉኝ።

«ሰው በሱባኤ ታስሮ የለም ወይ?» አልሁ።

«መጽሐፉ ክቡር ነው፤ በየሜዳው አይገለጥም።»

«አባ፣ ወንጌል ከዚህ ይከብራል። እሱን በየቅዳሴው ገልጠው ያነቡልን የለም ወይ? ምነው ይኸኛው ከወንጌል በለጠ?»

ያንለታ ግን አላወጡትም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በወይራው ሥር ሰዉ ሲሰበሰብ ግን፣ ከፊታቸው ቆሜ መንገድ ስለዘጋሁባቸው አወጡት። ሰጠኝም እዚያው ነበር፣ ጠመንጃውን ተደግፎ።

አባ ወልደኢየሱስ ጀመሩ። ግን እንዴት አድርገው መሰለህ? በቅዳሴ ዜማ! ድምፁ ሲወጣና ሲወርድ ሰዉ ሁሉ ያማትባል፣ «አሜን» ይላል። ስለ ግብር ይሁን ስለ ጦር የሰማ ሰው የለም። ትንሽ ታገሥሁና አልቻልሁም። «አባ፣ ይህ አማርኛ ነው፤ እንደ አማርኛ ያንብቡልን!» አልሁ። ግማሹ ሳቀ፣ ግማሹ ገላመጠኝ። እሳቸውም ተቆጡ፣ ግን አነበቡ።

መጀመሪያ ስለ ጣት ይፈልጉልን አልሁ። ጭቃ ሹም ስለ ሕዝብ ይመርጣል የሚለው የት ላይ ነው? ፈለጉ፣ የለም። ቅጠሉን መልሰው ገለጡ፣ የለም። ዕድሜው ሃያ አንድ የሞላ ኢትዮጵያዊ ይመርጣል የሚል ግን አገኙ። እማሆይ ወለተ ሚካኤል፣ ያቺ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ያለችው መነኩሲት፣ ከኋላ ሆና «ሴትስ?» ብላ ጮኸች። «ወንድ ብሎ አልለየም» አሉ አባ፣ ራሳቸውም እየገረማቸው። «እንግዲህ ለካ እኔም ሰው ኖሬያለሁ!» አለች። ሳቁ ገና ሳያልቅ አባ ወልደኢየሱስ ወደ ሌላው ቅጠል ተሻግረው ኖሮ፣ ሰው እጅ ከፍንጅ ወይም በከባድ ጥፋት ካልሆነ በቀር ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ አይያዝ፣ የተያዘም በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ከዳኛ ፊት ይቅረብ የሚል አነበቡ።

አሜን ያለ ሰው የለም። እህትህ ተነሣችና «አባ፣ እባክዎ ይድገሙት» አለች። ደገሙት። ሰዉ ወደ ሰጠኝ ዞረ።

ሰጠኝ ደንገጥ አላለም፤ እሱ ብልጥ ነው። «አርባ ስምንት ሰዓት አይደል የሚለው? በዚህ አጥቢያ ሰዓት ያለው ማነው? ከየት ጀምሬ ልቁጠር?» አለ። የፈሩት ሳቁለት። እኔም «አውራ ዶሮ አለን፤ ሁለት ንጋት ሲጮህ ልቀቀው» አልሁት። ያን ጊዜ የሳቁት ሌሎቹ ናቸው። እኔ ያንለታ አሸነፍሁ ብየ ደረቴን ነፍቼ ቤቴ ገባሁ። ሞኝ ነበርሁ።

ለካ የሰማነው እኛ ብቻ አይደለንም፤ ሰጠኝም ሰምቷል። ሰኞ ገና ሳይነጋ አለነን አስሮ ማክሰኝት አወረደው፤ ከዚያ በማኪና ጭኖ ጎንደር አስገባውና «ሹም የሰደበ፣ ሕዝብ ያነሣሣ ነው፤ ዛሬ ያዝሁት፣ ዛሬ አመጣሁት» ብሎ አስረከበው። ገባህ? በእህል ቤት ያሳለፈው ወር ሁሉ ተፋቀ። እኛ ለማስፈታት ያነበብነውን እሱ ለማሰሪያ ተማረው። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የበራልኝ፣ ልጄ። ሕግን አንድ ጊዜ ሰምቶ ወደ ቤት መግባት፣ በሬን ጠምዶ ቀንበሩን ሳያጠብቁ እንደ መሄድ ነው።

እኔም ተከትየ በእግሬ ጎንደር ገባሁ። ረቡዕ አለነ ከዳኛ ፊት ሲቆም ከኋላ ሆኜ አየሁት። ከስቷል፣ የእጁ አንጓ ቆስሏል፣ አንገቱ ግን ቀና እንዳለ ነው። ዳኛው ያላየሁት ዓይነት ሰው ነው፤ አልጮኸም፣ አልተመጻደቀም። «ከሐምሌ ጀምሮ ታስሬያለሁ ትላለህ፤ ማን ያውቅልሃል?» አለው። አለነም «አገሩ ሁሉ» አለ። «አገሩ ሁሉ ከዚህ አይገባልኝም። ዘመድህ ያልሆኑ ሦስት ሰዎች አምጣልኝ» አለና ለመስከረም ፮ ቀን ቀጠረ።

ሦስት ሰው ቀላል ይመስልሃል? ሲታሰር ያላየ የለም። እማሆይ ወለተ ሚካኤል በእህል ቤቱ ቀዳዳ ጠበል አቀብላዋለች። ጎረቤታችን ዋኘው የሰጠኝን ጤፍ ሲያርም በየቀኑ ድምፁን ሰምቶታል። አባ ወልደኢየሱስም የሰጠኝን ቤት ጠበል ሊረጩ ገብተው፣ በበሩ ስንጥቅ መስቀል አሳልመውታል። ከእነዚህ እማሆይ ብቻ «እሄዳለሁ» አለች። ዋኘው ቃል ሰጠኝና ማታውኑ ሚስቱ ልካ «ልጆቼን አታስጨርስ» አለችኝ። አባ ደግሞ «ካህን ለዓለም ነገር አይመሰክርም» አሉኝ። እኔ በንዴት በሰው ፊት «ፈሪ» አልኋቸው። እሳቸውም ጥለውኝ ሄዱ።

የአንተ ደብዳቤ የደረሰኝ በዚህ መሐል ነው። ይቅርታ ጠይቁ አልኸኝ። አዲስ አበባ የማውቀው ትልቅ ሰው አለ፣ ለጎንደር ሹማምንት አንዲት ቃል ቢያስተላልፍ አለነ በማግስቱ ይወጣል አልኸኝ። ዲሞክራሲ የሚሉት ነገር የፈረንጅ አገር ነው፣ እኛ አገር ሹም አይከሰስም አልኸኝ።

ልጄ ኃይለ ጊዮርጊስ፣ እኔ ዳዊት አጋምሼ የቀረሁ ሰው ነኝ፤ አንተ ግን የምድር ባቡር ጸሐፊ ነህ። እስቲ ልጠይቅህ፤ መጽሐፉን አንብበኸዋል ወይ? ሹም አይከሰስም የሚለውን ከየትኛው ቅጠል አገኘኸው? ሰጠኝ ካነበበበት ቅጠል ይመስለኛል። እኛ ስመን እቃ ቤት አስቀመጥነው፣ አንተ ደግሞ ሳትስመውም አስቀመጥኸው። ልዩነታችን ይኸው ነው። ዲሞክራሲ የምትለውን ቃል አላውቀውም። ሕዝብ በመረጠውና በሚያውቀው ሕግ መተዳደር ማለት ከሆነ ግን፣ እሱ የፈረንጅ አገር ነገር አይደለም፤ እዚሁ በሰጠኝ እህል ቤት ታስሮ የከረመው እሱ ነው።

አማላጅህንም አልፈልግም። ተጣልቼህ አይደለም፤ አስቤበት ነው። በአማላጅ የተፈታ ሰው በአማላጅ ይታሰራል። የአንተ ትልቅ ሰው ዛሬ አለነን ቢያስፈታ፣ ነገ የሰጠኝ አማች ተመርጦ ከአንተ ሰው ይልቃል፤ ያን ጊዜ ማን ዘንድ ልንሄድ ነው? ደግሞ የዋኘው ልጅ ቢታሰር ድሬዳዋ ወንድም የለው። አለነ በሕግ ከወጣ ግን መንገዱ ለሁሉም ይከፈታል። ባይወጣም ሰዉ መንገዱ የት ላይ እንደተዘጋ ያያል። ሕጉ የሰው ልጅ ሁሉ የሚያውቀው ካልሆነ ጠመንጃ ማለት ነው፤ የሚተኩሰው ያነገተው ብቻ ነው።

ስለዚህ ንባቡን አልተውንም። ባለፈው እሑድ ሰጠኝ «ከቅዳሴ በኋላ መሰብሰብ ክልክል ነው» ብሎ አስነገረ። እኔ ወይራው ሥር ብቻየን ተቀመጥሁ። እማሆይ መጣች። እህትህ መጣች። ከዚያ ከሴቶቹ አንድ ሁለት እያሉ መጡ፤ ወንዶቹ ከአጥሩ ውጭ ሆነው በሬ የሚፈልጉ መስለው ይሰማሉ። የሚያነብ አልነበረንም፤ አባ ወልደኢየሱስ መጽሐፉን በእማሆይ እጅ ልከው ራሳቸው ቀሩ። እኔ ማንበብ ጀመርሁ። ፊደሉ ደቃቅ ነው፤ እያነከስሁ፣ እየተመለስሁ አነበብሁ። «አያ አላምረው፣ በሬህ ደከመ፣ ፍታው» ብሎ ከውጭ አንዱ አላገጠብኝ። ዋኘው ነበር። «ና ግባና አንተ ጥመድ» አልሁት። ገባ። እሱም ፊደል እንደ እኔ ነው። አንድ መስመር እኔ አንድ መስመር እሱ እያልን፣ የተከሰሰ ሰው ምስክሮቹን ማሰማት ይችላል ከሚለው ደረስን። ዋኘው እዚያ ላይ ቆመ። ደግሞ አነበበው። «ይህ እኔን ነው የሚለው?» አለ። «አንተን ነው» አልሁት። መጽሐፉን ለእኔ መልሶ ሄደ። ትናንት ጎህ ሲቀድ ግን ከአጥሬ በር ቆሞ «ለመስከረም ስድስት መቼ እንነሣ?» አለኝ። ሚስቱም ከኋላው ቆማ ነበር፤ አልከለከለችውም።

እንግዲህ ሁለት ሰው አገኘን። ሦስተኛው ጠፍቷል። ሰጠኝም ይህን አውቋል፤ ትናንት በመንገድ ሲያገኘኝ ጣቶቹን እየቆጠረ ሳቀብኝ።

አንተ ልትረዳኝ ከፈለግህ አማላጁን ተወውና መጽሐፉን ፈልግ። ድሬዳዋ ታላቅ ከተማ ነው፣ አይጠፋም። ገዝተህ ሳጥን ውስጥ አታኑረው። ለሰብለ ወንጌል አንብብላት፤ እሷም መራጭ ናት። ለእንኳየሁ ፊደሏን በእሱ አስጠናት። አብረውህ ለሚሠሩትም ምሳ ስትበሉ አንድ አንድ ቅጠል አንብብላቸው። እነሱም ቀን ይመጣባቸዋል፤ ያን ቀን መማር ከጀመሩ ይዘገያሉ። እኔ የዘገየሁት ስንት ቀን እንደሆነ በአለነ እጅ ላይ አይቻለሁ።

ለልጄ ለሰብለ ወንጌል ሰላም በልልኝ፤ በታመመ ወገቧ ጌሾ እንዳትወቅጥ ንገራት። እንኳየሁን ጉንጯን ሳምልኝ። ውዱን አቅፈህ ሳምልኝና አያትህ ፈረስ ይሰጥሃል በለው። ለሰብለ ወንጌል እናት፣ ለጎረቤቶቻችሁም ሁሉ የእግዚአብሔር ሰላምታ ይድረስልኝ። ባንቺአየሁ ሰላም ትልሃለች፤ አለቀሰች ብየ አልጽፍልህም፣ መሐላ አስገብታኛለች።

ስለ እኔ ዕዳ አታስብ፤ ማንም እንዲከፍልልኝ አልሻም። ለዋኘው የወንፈል ዕዳ አለብኝ፤ አለነ ሲታሰር ባቄላውን አርሞልናልና፣ የእሱን ገብስ ራሴ አጭድለታለሁ። እማሆይ ወለተ ሚካኤል ጎንደር ድረስ በእግሯ አትችልም፤ በቅሎ ቃል ገብቼላታለሁ፣ ራሴ ለምኜ ራሴ እስባለሁ። ለእናትህ ለአበቡ የሙት ዓመቷ መስከረም ላይ ነው፤ ጠላውን ባንቺአየሁ ትጥመቅ እንጂ ድግሱን ራሴ እደግሳለሁ። ለአባ ወልደኢየሱስ ይቅርታ አለብኝ፤ ነገ በጠዋት ደጃቸው ሄጄ ጉልበታቸውን እስማለሁ፣ ከዚያም ቀና ብየ ሦስተኛው ሰው ይሆኑ እንደሆን እጠይቃቸዋለሁ። እንቢ ቢሉም ይቅርታው አይመለስም። ለባንቺአየሁ ደግሞ ባሏ አለብኝ።

ጥድ አምባ፣ ከማክሰኝት በላይ
ነሐሴ ፳፩ ቀን ፲፱፻፵፱ ዓ.ም.